ለቤት ጥበቃ የትኛው ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ይሻላል? ለሳቢያን ነዋሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ቤቴ በብሎኬት የተሠራ ሲሆን ሦስት መኝታ ክፍሎች አሉት። ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ሌሊት አንድ ዘበኛ በር ላይ ያድራል። በቅርቡ ሌቦች የጎረቤታችንን አጥር ዘልለው ገብተው ነበር። አሜሪካ የሚኖረው አማቼ ለቤት ጥበቃ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገንን የሚያህል የለም ይለኛል። ፈቃድ ለማውጣት አስቤያለሁ። በጋዝ የሚሠራውን ልምረጥ ወይስ ሌላውን? ካሊበር 12 ይሁን ወይስ 20? ጥይቱስ ምን ዓይነት ይሁን? ሌሊት ሌሊት ዘበኛው ቢይዘውስ?»

ምላሽ፦

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚልክ ጠመንጃ ነው፤ ፈቃዱን አግኝተው ለመግዛት ከወሰኑ በጋዝ ግፊት የሚሠራ፣ ካሊበር 12፣ አፈሙዙ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ፣ ሰደፉ ለክንድዎ የማይረዝም መሣሪያ ይምረጡ። ጥይቱ ትልልቅ ፍሬ ያለውና በተኳሹ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምቱ የቀለለው ይሁን። ዘበኛው ግን አይያዘው። መሣሪያ በመጠገን ረጅም ዘመን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ሞላውና ስለ ፒስተኑ ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ከታችም አወራለሁ። ነገር ግን የአማችዎ ምክር የተቀዳው ከአሜሪካ ቤት ነው። የእርስዎ ቤት ያለው ድሬዳዋ ነው፤ ይህ ልዩነት ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ያሳስበኛል።

በቅድሚያ ሕጉ። በአገራችን ይህን ጉዳይ የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ወደ አገር ማስገባት ወንጀል ነው። አንድ ብር ከመክፈልዎ በፊት ፖሊስ ዘንድ ቀርበው፣ ሊይዙት ያሰቡትን መሣሪያ ዓይነት በስሙ ጠርተው ይጠይቁ። «ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን» ብለው ይናገሩ፤ «ጠመንጃ» ብቻ ብለው አይመለሱ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። አይፈቀድም ከተባሉ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ አማላጅ አይፈልጉ። አማችዎ ከልብስና ከጫማ ጋር ጠቅልሎ ልላክልህ ካለዎት እምቢ ይበሉት። መሣሪያን ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአሜሪካ መላክ በዚያም አገር ከባድ ወንጀል ነው፤ ቤተሰብዎን ለመጠበቅ ብለው የሚስትዎን ወንድም እስር ቤት እንዳይከቱት። በኮንትሮባንድ የሚመጣው ደግሞ ከየት እንደተነሣ፣ ማን ምን እንደሠራበት የማይታወቅ ነው። በእርስዎ እጅ የተገኘ ቀን መልስ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። አሜሪካውያን ስለ ቤት ጥበቃ ሲያወሩ የሚታያቸው ሌሊት ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በየክፍሉ ተኝቷል፣ በሩ ተቆልፏል፣ ውጭ የሚንኮሻኮሸው ባዕድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ እንዲህ ያለ ሌሊት የት ይገኛል? ሙቀቱ ሲበረታ ሰው በረንዳ ላይ ይተኛል፣ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ያነጥፋል፣ በርና መስኮት ለነፋስ ተከፍቶ ያድራል። እናትዎ ለጸሎት ሌሊት ይነሣሉ። ትልቁ ልጅዎ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለው ውሃ በራሱ ላይ ሊደፋ ወደ ቧንቧው ይወጣል። የአክስት ልጅ ከሐረር አምሽቶ በመጨረሻው ሚኒባስ ይመጣና በሩን ማንኳኳት አፍሮ አጥሩን ይዘላል። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው በድቅድቅ ጨለማ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ከእንቅልፉ ባንኖ የተነሣ ሰው በእጁ መሣሪያ ሲይዝ፣ ፊቱ የሚመጣው ጥላ ከሌባ ይልቅ የቤተሰቡ ሰው የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ማንም እንዲህ በግልጽ አይነግርዎትም።

ስለዚህ መሣሪያ ቢገዙም ባይገዙም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊሠራ የሚገባው ነገር አለ። ሌሊት ማን የት እንደሚተኛ በየምሽቱ ይታወቅ። አደጋ ሲመጣ ሁሉም የሚሰበሰብበት አንድ ክፍል ይመረጥ፤ በሩ ጠንካራ ይሁን፣ ከውስጥ የሚቀረቀር። የቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ በባለቤትዎም በእናትዎም ስልክ ላይ ይመዝገብ። በቻርጅ የሚሠራ ብርቱ የእጅ ባትሪ አልጋዎ አጠገብ ይደር። ከክፍሉ ሳይወጡ ጮክ ብለው «ማነው?» ይበሉ፤ ድሬዳዋ ነውና በኦሮምኛ «ኤኙ?» ይበሉ፣ በሶማልኛ «ዋ አዮ?» ይበሉ። ሌባ የነቃ ቤት ይጠላል፤ ድምፅ ሲሰማ መመለስ ይቀናዋል። እንግዳ ከሆነ ደግሞ ስሙን ይናገራል። ድምፁን ሰምተው፣ ብርሃን አብርተው፣ ፊቱን አይተው ማንነቱን ሳይለዩ ጣትዎ ቃታው ላይ እንዳያርፍ።

ግድግዳዎቹም አሉ። በከዚራ ሰፈር ቀድሞ በባቡሩ ዘመን ከተሠሩት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካላቸው ቤቶች በአንዱ ቢኖሩ ኖሮ ጭንቀቴ ይቀንስ ነበር። የእርስዎ ብሎኬት ግን ውስጡ ቀፎ ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ በቺፕውድ ተከፍሎ ከሆነ እርሱንማ እንደሌለ ይቁጠሩት። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመከረው ጥይት ስምንት ወይም ዘጠኝ የእርሳስ ፍሬዎች አሉት። እያንዳንዱ ፍሬ ወደ 8.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲሆን ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ 400 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ የቆርቆሮ በርን፣ ቺፕውድንና የእንጨት መዝጊያን አልፎ ይሄዳል፤ ካለፈም በኋላ ይገድላል። ብሎኬቱም ቢሆን መስኮት አለው፣ መገጣጠሚያ አለው፤ ልጅ ከጀርባው ተኝቶ በእርሱ መተማመን አይገባም። አንድ ወጥ እርሳስ ያለው ጥይት ደግሞ ለትልቅ አውሬ የተሠራ ነው፤ ሳቢያን ውስጥ ሥራ የለውም፣ ቤትዎ አይግባ። ለወፍ አደን የሚሆነው ደቃቅ ፍሬ ጉዳቱ ያንሳል ብለው የሚመክሩም አሉ። በቤት ውስጥ ርቀት ግን እርሱም ቀጭን ክፍልፍል ይበሳል፤ የሚያጠቃን ሰው ማስቆሙ ደግሞ አያስተማምንም። ሁለቱንም ጉድለት በአንድ ጊዜ መግዛት ነው።

እርሳስና ወረቀት ይዘው የቤትዎን ንድፍ ይሣሉ። ከመኝታዎ ተነሥተው የሚቆሙበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ኮሪደሩ መስመር ያስምሩና መስመሩ ግድግዳውን ጥሶ የት እንደሚያርፍ ይከተሉት። በልጆቹ አልጋ ላይ፣ በእናትዎ ክፍል ላይ፣ በጎረቤት ሳሎን ላይ የማያልፍ አንድም መስመር ካላገኙ መሣሪያውን አይግዙ። ይህ የመጨረሻ ሐሳቤ ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ የሠራው መሣሪያ አያስለውጠኝም። ገንዘቡን ለብረት በር፣ ለግቢ መብራትና ለጥሩ ውሻ ያውሉት።

ንጹሕ መስመር አለኝ ካሉ እንቀጥል። ሰዎች ሾትገን የሚወዱት «ማነጣጠር አያስፈልገውም፣ ይበትናል» በሚል እምነት ነው። ይህ ውሸት ነው። ፍሬዎቹ የሚበተኑት በእያንዳንዱ ሜትር ርቀት በግምት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአምስት ሜትር ኮሪደር ላይ ፍሬዎቹ ሁሉ የሚያርፉበት ስፋት ከእጅ መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ያላነጣጠረ ሰው እንደማንኛውም ጠመንጃ ይስታል፤ ሲስት ግን ዘጠኝ እርሳስ በአንድ ጊዜ ወዳላሰበው ቦታ ይልካል። ከዚህም ሌላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ፍንዳታ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ የልጆችዎን ጆሮ ጨምሮ።

ከፊል አውቶማቲክ ማለት አንድ ጊዜ ቃታውን ሲስቡ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ባዶውን ቀለህ ራሱ አውጥቶ ይጥላል፣ ቀጣዩንም ራሱ ያጎርሳል ማለት ነው። ይህን ሥራ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ነው ለሾትገን የፈታው፤ የእርሱን መሣሪያ የቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ አምርቶታል። ብራውኒንግ አፈሙዙ ራሱ ወደኋላ እንዲንሸራተት አድርጎ ነበር። ዛሬ ያሉት በአመዛኙ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የጠየቁኝም ስለ እነርሱ ነው።

በጋዝ የሚሠራው በአፈሙዙ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ጥይቱ ሲፈነዳ ጥቂት ጋዝ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም መዝጊያውን ወደኋላ ይነዳል። ጋዙ ከኃይሉ ላይ ስለሚቀነስና እንቅስቃሴው ስለሚረዝም ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት ይለሰልሳል። በሌላ በኩል ጋዙ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ካልጸዳ ፒስተኑ ይከብዳል። ሁለተኛው ዓይነት የጣሊያኑ ቤኔሊ ያስፋፋው ነው። በመዝጊያው ውስጥ ብርቱ ሞላ አለ። መሣሪያው በምቱ ወደኋላ ሲሄድ ከባዱ መዝጊያ ባለበት ለመቆየት ይሞክራል፤ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያም ተፈናጥሮ መዝጊያውን ይመልሰዋል። ጋዝ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ ክብደቱም ያንሳል፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። አዳኞች ቢወዱት አይገርመኝም።

ታዲያ ለምን ጋዙን መረጥኩልዎ? ባለ ሞላው መሣሪያ የሚሠራው ራሱ ወደኋላ መሄድ ሲችል ብቻ ነው። ሰደፉን ግድግዳ ላይ ወይም አልጋ ላይ አስደግፎ የተኮሰ ሰው መሄጃ ይነሣዋል፤ ባትሪና ሌላ ክብደት የተሰካበት እንደሆነም እንዲሁ ይዳከማል። ከዚህ የከፋ ጠባይም አለው። ሌሊት ሰው ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ መዝጊያውን በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። ባለ ሞላው መዝጊያ እንዲህ ሲመለስ ዞሮ ሙሉ በሙሉ ሳይቆለፍ ሊቀር ይችላል፤ ቃታው ሲሳብ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። የሠለጠነ ሰው ይህን ያውቃል፤ መዝጊያውን ለቆ በኃይሉ እንዲመታ ያደርገዋል። ከእንቅልፉ የባነነ የቤተሰብ አባት ግን ያስታውሰዋል ብዬ ለመማል አልደፍርም። በዚያ ላይ ምቱ ጠንካራ ስለሆነ ልምምድ ያስጠላል፤ ያልተለማመደበት ሰው ደግሞ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

የድሬዳዋ አቧራ ግን ለጋዙ ወዳጅ አይደለም። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ተነሥቶ በተቀባ ብረት ላይ ሲያርፍ ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ የሚያፋጭ ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሰው መሣሪያውን የወደደ እየመሰለው ዘይት ያጠጣዋል፤ ከዚያ ነከሰብኝ፣ ማለትም ጥይቱ ተቀረቀረብኝ ይላል። ፒስተኑንና የሚንሸራተትበትን ቱቦ ጠርገው ደረቅ አድርገው ይተዉት፤ መዝጊያው በሚሄድበት ሐዲድ ላይ ብቻ ስስ ዘይት በጨርቅ ያስነኩት። ተኩሰው ባያውቁም በየወሩ ይፍቱት፣ አቧራው አይጠብቅም። እንደ ሬሚንግተን 1100 ያሉ የቆዩ ሞዴሎች በፒስተኑ አጠገብ የጎማ ቀለበት አላቸው። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ጋዙ ያመልጥና መሣሪያው መመላለስ ያቆማል። ያገለገለ ሲያሳዩዎት በመጀመሪያ ያንን ቀለበት ይመልከቱ።

ካሊበር 20 ከ12 ጠበብ ያለ አፈሙዝ ያለው ሲሆን ለትከሻ ደግ ነው። ጥይቱ በቀላሉ በሚገኝበት አገር ብንሆን ኖሮ ለቤት ውስጥ እርሱን ለመምከር አላመነታም ነበር። ከፊል አውቶማቲክ ግን ጥይት የሚመርጥ መሣሪያ ነው። ባሩዱ ደካማ የሆነውን ጥይት ቢተኩሰውም ቀለሁን ላያወጣው ይችላል። ስለዚህ ያንኑ አንድ ዓይነት ጥይት ደጋግሞ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ለዚህ 12 ይሻላል። የ12ን ምት የሚቀንሰው ጥይቱ ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 350 ሜትር በሴኮንድ ዝቅ ብሎ የተሠራ ዓይነት አለ። በቤት ውስጥ ርቀት ኃይሉ አያንስም። የሚገዙት መሣሪያ ይህን ቀላል ጥይት ሳይነክስ የሚመላለስ መሆኑን ፖሊስ በሚፈቅድልዎ ቦታ ተኩሰው ሳያረጋግጡ አይመኑበት። በዚያው ቀን ኮሪደርዎ በሚያህለው ርቀት ወረቀት ሰቅለው ፍሬዎቹ የት እንደሚያርፉ ይዩ፤ ያው ጥይት ከመሣሪያ መሣሪያ የተለየ አበታተን አለው። የጥይቱ ርዝመት 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ይበቃዎታል፤ 76ቱ ትከሻ ከማድማት በቀር ለእርስዎ ቤት የሚጨምረው የለም።

ስለ ፋብሪካ ብዙ አልልም። ጣሊያኖቹ ቤሬታና ቤኔሊ ዋጋቸው ውድ ነው፣ ሥራቸውም የዋጋቸውን ያህል ነው። የቤኔሊ ኤም 4 የአሜሪካ ማሪን ኮር ወታደሮች የሚይዙት በጋዝ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ለአንድ ቤት ግን ቅንጦት ነው። ከቱርክ የሚወጡት ርካሾች ውስጥ ጥሩም ደካማም አለ፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት መሣሪያዎች እንኳን ጠባያቸው ሊለያይ ይችላል። መለዋወጫው የሚገኝለትን፣ የሚጠግነው ሰው በቅርብ ያለውን ይምረጡ። ሰደፉን ለመለካት ክንድዎን በክርን አጥፈው ሰደፉን ከክርንዎ መታጠፊያ ያሳርፉ፤ ጣትዎ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ብዙዎቹ ለረጃጅም ሰዎች የተሠሩ ናቸው፤ የረዘመ ሰደፍ ደግሞ ምቱን ከትከሻ ወደ ክንድ ይወስደዋል።

ሦስት ልጆች አሉዎት። የአብዛኞቹ ሾትገኖች መጠበቂያ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳውን መርፌ አይዝም። የጎረሰ መሣሪያ ከተደገፈበት ቢወድቅ ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ጥይት ጎርሶ አይደር። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሣጥን ያሠሩ፤ መሣሪያው በእርሱ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ይቀመጥ። ቁልፎቹ በእርስዎ አንገት ወይም ኪስ ውስጥ ይደሩ። ቁም ሣጥን አናት ላይ ማስቀመጥ ከልጅ መደበቅ አይደለም፤ ልጆች አባታቸው ምን የት እንዳስቀመጠ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። ጥይቱንም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መኪና ውስጥ አያቆዩት፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። በመሣሪያው የጥይት መያዣ ቱቦ ውስጥ ለወራት ተጨምቆ የቆየ የፕላስቲክ ጥይትም ቅርፁ ሊበላሽና ሲጎርስ ሊነክስ ይችላል።

የወንጀል ሕጋችን፣ የ1996ቱ፣ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ይህም ጥቃቱ ሕገ ወጥና በእውነት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል። ፍርድ ቤቱ ድንጋጤንና ፍርሃትን ሊያገናዝብ ይችላል፤ እርስዎ ግን እስከዚያ ድረስ ተከሳሽ ነዎት። ቴሌቪዥን ተሸክሞ አጥር እየዘለለ በሚሸሽ ሌባ ጀርባ ላይ የተተኮሰ ጥይት ከዚህ ሕግ ጥላ ሥር አይገባም። ይሂድ። ቴሌቪዥን ይተካል።

ስለ ዘበኛው። ፈቃዱ የሚወጣው በእርስዎ ስም ነው፤ እርስዎን ተመልክቶ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። የታጠቀ ጥበቃ ከፈለጉ ፈቃድ ካለው የጥበቃ ድርጅት ጋር ይዋዋሉ። ይህን ሕግ ባይከለክለው እንኳን እኔ እከለክለው ነበር። ዘበኛዎ በር ላይ ብቻውን የሚያድር ሰው ነው፤ ያመሸ ዘመድዎን ሁሉ በመልኩ አያውቅም፣ በዚያ ሰዓት ቢያንቀላፋም አይፈረድበትም። እጁ ላይ የሚገኘው መሣሪያ ለሌባ ከቴሌቪዥንዎ የበለጠ የሚያጓጓ ዕቃ ነው፤ ሰውዬውን ለሞት ያሳጨዋል። ለእርሱ ጥሩ ፊሽካ፣ ብርቱ የእጅ ባትሪ፣ ካርድ የማይጎድለው ስልክና የእርስዎን መኝታ ቤት የሚያነቃ ደወል ይግዙለት። ደወሉ ባትሪ ያለው ይሁን፣ መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ።